በጥቁር አፈር ላይ የቆመ ቤት ዋጋው ስንት ነው?

• ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ መሠረትን አይጠግንም
• ጥገናው የሚጀምረው ከግድግዳው ሳይሆን ከውሃው ነው

በአዲስ አበባ የቤት ሽያጭ ገበያ ገዢ ከደላላ ጋር ተገናኝቶ በቅድሚያ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ቦታው ስንት ካሬ ነው? ካርታው በማን ስም ነው? የባንክ ዕዳ አለበት ወይ? መንገዱ መኪና ያስገባል? ውሃና መብራቱስ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ቤቱ ስለቆመበት አፈር የሚጠይቅ ገዢ ግን እምብዛም አያጋጥምም። አፈር በካርታ ላይ አይጻፍም፤ በዋጋ ድርድር ላይም ስሙ አይነሳም።

ይሁን እንጂ በከተማዋ ምሥራቅ፣ ደቡብ ምሥራቅና ደቡብ፣ ማለትም በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲ.ኤም.ሲ.፣ በሰሚት፣ በለቡ፣ በመካኒሳና በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢዎች በርካታ መንደሮች የተሠሩት በጥቁር ሸክላማ አፈር ላይ ነው። ገበሬው መረሬ የሚለው፣ በአንዳንድ ሥፍራ ኮትቻ ወይም ዋልካ እየተባለ የሚጠራው ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም። በላዩ የቆመው ቤት አብሮት ከፍና ዝቅ ይላል። በጥር ወር እንከን ያልታየበት ቪላ ሁለትና ሦስት ክረምት ካሳለፈ በኋላ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ኮርኒሱ የሚያመራ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ክፍያው ተጠናቋል፤ ስም ተዛውሯል፤ ደላላውም ድርሻውን ወስዷል። የቀረው ጣጣ የገዢው ብቻ ይሆናል።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ለአብዛኛው የከተማ ነዋሪ ቤት ማለት የዕድሜ ልክ ቁጠባ፣ የሱቅ ትርፍ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ገንዘብ ተጠራቅሞ የገባበት አንድ ንብረት ነው። ለነጋዴው ደግሞ የባንክ ብድር መያዣው ይኸው ቤት ነው። ስለሆነም መሠረቱ የተናጋ ቤት የተናጋ ካፒታል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጤፍ የሚወደው አፈር

ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደሚሸፍን የአፈር ጥናቶች ያመለክታሉ። በዚህም አገሪቱ በአፍሪካ ከሱዳንና ከቻድ ቀጥላ ትጠቀሳለች። በጤፍ ስማቸው የገነነው የአድአና የበቾ ሜዳዎች ሰፊ ክፍል የዚሁ አፈር ነው። አፈሩ ውሃ አምቆ የመያዝ ጠባይ ስላለው ዝናቡ ካቆመ በኋላም ሰብሉን ያጠጣል፤ ለገበሬው ሀብት ነው። ይኸው ጠባይ ለግምበኛው ግን ጠላቱ ነው። ከተማ ወደ እርሻ መሬት በተስፋፋ ቁጥር ለጤፍ የተመቸው ማሳ እየተሸነሸነ ለቪላና ለፎቅ ቤት ይውላል።

የችግሩ ምንጭ በአፈሩ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ሞንትሞሪሎናይት የተባለ የሸክላ ማዕድን ነው። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረቡ እጅግ ስስ ንብርብሮች የተሠራ ሲሆን፣ ውሃ በንብርብሮቹ መካከል እየገባ ያራርቃቸዋል። ውሃው ሲተን ደግሞ መልሰው ይጠጋጋሉ። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ በመሆኑ አፈሩ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ጠግቦ አንድ ጊዜ ይደርቃል። በበጋው ማብቂያ ላይ ባዶ ሜዳ ላይ የሚታየው ስንጥቅ እጅ የሚያስገባ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር በላይ፣ አልፎ ተርፎም ከአንድ ሜትር በላይ ይደርሳል።

ቤቱ ሁሉ በአንድነት ከፍ ብሎ በአንድነት ዝቅ ቢል ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። ችግሩ እንቅስቃሴው እኩል አለመሆኑ ነው። በወለሉ መካከል ያለው አፈር ከዝናብም ከፀሐይም ስለተሸፈነ እርጥበቱ ብዙ አይለዋወጥም። በግድግዳው ዙሪያ ያለው አፈር ግን ክረምት ሲገባ ይጠግባል፣ በጋ ሲሆን ይደርቃል። ስለዚህ ጠርዙ ይነሳል ይወድቃል፤ መሐሉ ባለበት ይቆያል። ብሎኬትና ሲሚንቶ ደግሞ መታጠፍ አያውቁም፤ ሲጎብጡ ይሰነጠቃሉ።

የአፈሩ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ የሚገምቱ ጥቂቶች ናቸው። በጣም የሚያብጥ ሸክላ አፈር ውሃ ሲያገኝ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 ቶን በላይ ሊሆን ይችላል። ባለ አንድ ወለል ቪላ በመሠረቱ በኩል የሚያሳርፈው ጫና ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያንሳል። በዚህ ምክንያት በጥቁር አፈር ሰፈሮች በቅድሚያ የሚጎዱት ትልልቆቹ ሕንፃዎች አይደሉም። የአጥር ግንብ፣ የዘበኛ ቤት፣ ሰርቪስ ቤትና ባለ አንድ ወለል ቪላ ናቸው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ክብደቱ አፈሩን ተጭኖ ይይዘዋል፤ መሠረቱም ወደ ጥልቅ ይወርዳል። ቀላል ቤት አነስተኛ መሠረት ይበቃዋል የሚለው የተለመደ ግምት በጥቁር አፈር ላይ የማይሠራው በዚህ የተነሳ ነው።

የድሮዎቹ የጭቃ ቤቶች በዚሁ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት መቆየታቸው ብዙዎችን ያስገርማል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በባሕር ዛፍ እንጨት የተዋቀረው ግድግዳ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይለጠጣል፤ የተላቀቀው ጭቃም በቀላሉ ተመርጎ ይዘጋል። ያንኑ ቤት አፍርሶ በዚያው ጥልቀት ላይ ብሎኬት ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይታያል። አንደኛው ማናቸውንም ስንጥቅ አይቶ ደንግጦ ጥሩ ቤት ትቶ መሄድ ነው። ሁለተኛው ሁሉንም ስንጥቅ የልስን ነው ብሎ ማለፍ ነው። ሁለቱም ገንዘብ ያሳጣሉ።

በልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩ የፀጉር ያህል ቀጫጭን መስመሮች ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶው ሲደርቅ የሚፈጠሩ ናቸው። ብሎኬቱ ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር በሚገናኝበት መስመር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅም ሁለቱ ነገሮች ሙቀትና ቅዝቃዜን በተለያየ መንገድ ስለሚቀበሉ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። እነዚህ መሠረትን አያመለክቱም።

የመሠረት ምልክቶች የሚባሉት ሌሎች ናቸው። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን በአግድም ሰያፍ የሚወጣ፣ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ላይ እንደ ደረጃ እየወጣ የሚሄድ፣ ከታች ጠቦ ከላይ የሚሰፋ ወይም ከታች ሰፍቶ ከላይ የሚጠብ ስንጥቅ ሲታይ ግድግዳው እየተጣመመ ነው ማለት ነው። ስንጥቁ በውስጥም በውጭም በአንድ ቦታ ከታየ ልስኑን አልፎ ግንቡን እንደከፈለ ይታወቃል። በክረምት አልዘጋም የሚል በር፣ ከግድግዳው የተላቀቀ የወለል ጠርዝ፣ የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ ያዘነበለ አጥር፣ ከቤቱ የተለየ በረንዳ የዚሁ ማስረጃዎች ናቸው።

ስፋቱን በሚመለከት በእንግሊዝ አገር የሕንፃ ምርምር ተቋም የወጣ መመዘኛ በብዙ አገሮች መሐንዲሶች ዘንድ ይጠቀሳል። በመመዘኛው መሠረት እስከ 1 ሚሊሜትር የሆነ ስንጥቅ በቀለም የሚታለፍ ነው። እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነው ተሞልቶ ይስተካከላል። ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር ሲደርስ በርና መስኮት መያዝ ይጀምራሉ፤ ግንቡም ሊነካ ይገባል። ከ15 እስከ 25 ሚሊሜትር ከባድ ጉዳት ሲሆን፣ ከ25 ሚሊሜትር በላይ የሆነው ቤቱን በከፊል አፍርሶ እስከ መሥራት ሊያደርስ ይችላል። መመዘኛው ሲነበብ ግን ከስፋቱ በላይ የሚያስፈልገው ጥያቄ ስንጥቁ ቆሟል ወይስ ይሄዳል የሚለው እንደሆነ ሊዘነጋ አይገባም። ለአሥር ዓመት ያልተንቀሳቀሰ የ5 ሚሊሜትር ስንጥቅ በየክረምቱ ከሚያድግ የ2 ሚሊሜትር ስንጥቅ ይሻላል።

ለሽያጭ የተቀባ ቤት

ቤት ከመሸጡ በፊት ስንጥቁ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም መቀባቱ የተለመደ ነው። ባለቤቱ ሁልጊዜ ለማታለል አስቦ ያደርገዋል ማለት አይቻልም፤ ቤት ለገበያ ሲቀርብ ማጽዳት ያለ ነገር ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው። ገዢው የሚያየው ቀለሙን ነው።

ከዚህም በተጨማሪ ገዢ ቤቱን የሚጎበኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው። በጥቁር አፈር ላይ ያለ ቤት ግን በዓመት ሁለት መልክ አለው። አንዳንዱ ስንጥቅ በበጋ ሰፍቶ በክረምት ይጠብባል፤ ሌላው በተቃራኒው ነው። በአንድ ወቅት ብቻ ያየ ገዢ ግማሹን አይቷል ማለት ይቻላል።

ጠንቃቃ ገዢ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። በቅድሚያ ከቤቱ ይልቅ አጥሩን ማየት ይጠቅማል፤ አጥር እምብዛም ለሽያጭ አይታደስም። የጎረቤቶችን ግንብ መመልከትም እንዲሁ ነው፤ አፈሩ አንድ ነውና። በቅርቡ አንድ ክፍል ብቻ ተቀብቶ ሌሎቹ አሮጌ ቀለም ላይ ከሆኑ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። የወለሉን ትክክለኛነት አንድ ግምበኛ በውሃ ልክ ወይም ውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊለካው ይችላል። በመጨረሻም የአሸንዳው መውረጃ፣ የሮቶው ትርፍ ውሃና የሴፕቲክ ታንኩ ውሃ ወዴት እንደሚሄዱ መከታተል ነው። ውሃው በግድግዳው እግር ሥር የሚፈስ ከሆነ ሌላ ምልክት መፈለግ አያስፈልግም።

ውሃው ይቀድማል

የተሰነጠቀ ቤት ያለው ሰው በቅድሚያ የሚጠራው ቀለም ቀቢውን ነው፤ ሲብስበት ደግሞ መሠረት ቆፋሪውን። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። አፈሩን የሚያንቀሳቅሰው የእርጥበት መለዋወጥ በመሆኑ በቅድሚያ የሚስተካከለው ውሃው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ጣሪያው ላይ ነው። ሙሉ አሸንዳ ማድረግና መውረጃውን በቱቦ ከግድግዳው አርቆ ወደ ቦይ ማድረስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ ውሃ የማያስገባና ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ማኖር ነው። ንጣፉ ዝናቡን ከማባረሩም በላይ በበጋ የአፈሩን እርጥበት ይጠብቃል። ሦስተኛው የሚያፈስ ቧንቧን መፈለግ ነው። ቆጣሪው የውሃ መክፈቻዎች ሁሉ ተዘግተው እየዞረ ከሆነ ከመሬት ሥር የሚጠፋ ውሃ አለ ማለት ነው። ሴፕቲክ ታንክም ቢሆን ከቤቱ አጠገብ ከሆነና ግድግዳው ከተሰነጠቀ ዓመቱን ሙሉ መሠረቱን ያጠጣል።

ዛፍም ከዚሁ ጋር ይታያል። ባሕር ዛፍና ሌሎች ውሃ የሚጠጡ ዛፎች በግድግዳው አጠገብ ሲሆኑ በበጋ አፈሩን ከልክ በላይ ያደርቁታል። አዲስ የሚተከል ዛፍ ቢያንስ የሙሉ ቁመቱን ያህል ከቤቱ ቢርቅ ይመረጣል። የቆየ ትልቅ ዛፍን በአንድ ቀን መቁረጥ ግን የራሱ አደጋ አለው፤ ሲጠጣው የነበረው ውሃ በአፈሩ ውስጥ እየቀረ መሬቱ እንዲያብጥ ያደርጋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው መጠበቅ ነው። የስንጥቁ ጫፍ የደረሰበት ቦታ በእርሳስ ተሰምሮ ቀን ይጻፍበታል። ስንጥቁን አቋርጦ ቁራጭ መስታወት በሲሚንቶ ይለጠፋል፤ መስታወቱ ከተሰበረ እንቅስቃሴው አልቆመም። ይህ ክትትል ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት ሊያይ ይገባል። ብዙ ቤቶች ውሃቸው ከተስተካከለ በኋላ ይረጋጋሉ። ያን ጊዜ ስንጥቁን በብረት አስሮ፣ ሞልቶና ለስኖ መቀባት ይቻላል፤ ቀለሙም የሚበረክተው ያን ጊዜ ነው።

እንቅስቃሴው ካልቆመ ብቻ ነው ወደ መሠረቱ የሚወረደው። ሥራው ከነባሩ መሠረት ሥር እስከ ጠንካራው ወይም እርጥበቱ እስከማይለዋወጠው አፈር ድረስ ቆፍሮ አዲስ ኮንክሪት መሙላት ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚቆፈረው ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ነው። አንዱ ቁራጭ ተሞልቶ እስኪጠነክር ድረስ ጎረቤቱ አይነካም። የግድግዳውን ሥር በሙሉ በአንድ ጊዜ ቆፍሮ መተው ቤቱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ሥራው ያለ መሐንዲስ የሚሞከር አይደለም። ከቤቱ ግማሹን ብቻ ወደ ጥልቅ አውርዶ ግማሹን በነበረበት መተውም ሁለቱ ወገኖች በተለያየ መንገድ እንዲንቀሳቀሱ ስለሚያደርግ አዲስ ስንጥቅ ሊፈጥር ይችላል።

ከወጪ አንጻር ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። አሸንዳ፣ ቱቦና የዙሪያ ንጣፍ የጥቂት ቀናት ሥራ ናቸው። መሠረት ማውረድ ግን ነዋሪውን ከቤት የሚያስወጣ የወራት ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ለሚገነባው ሰው ስሌቱ

ባዶ ቦታ ገዝቶ ለሚገነባ ሰው የአፈሩ ዋጋ አስቀድሞ ሊሰላ ይችላል። ቀላሉ የላቦራቶሪ ምርመራ 10 ሚሊ ሊትር የደረቀና የደቀቀ አፈር በ100 ሚሊ ሊትር የውሃ መለኪያ ውስጥ ጨምሮ አንድ ቀን ማቆየት ነው። አፈሩ ወደ 15 ሚሊ ሊትር ካደገ እብጠቱ 50 በመቶ ነው ይባላል፤ ይህም ጥንቃቄ ይጠይቃል። 20 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከደረሰ ማለትም 100 በመቶ ካለፈ መሠረቱ በልማድ ሳይሆን በስሌት ሊሠራ ይገባዋል።

የተለመደው መፍትሔ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ነው። 10 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ ቤት የሚያርፍበት ቦታ አንድ ሜትር ተኩል ቢቆፈር 180 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። አፈር ሲቆፈር ስለሚላላ ሲጫን ሲሶ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ ወደ 235 ሜትር ኩብ ግድም ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን መኪና ሲካፈል 15 ያህል ምልልስ ነው። የሚመለሰው ገረጋንቲም ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ተመሳሳይ መጠን ይጠይቃል። ሲደመር 30 ያህል ምልልስ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በጊዜው የመኪና፣ የቁፋሮና የገረጋንቲ ዋጋ ያባዛ ሰው በጥቁር አፈር ላይ ያለ ባዶ ቦታ በቀይ አፈር ወይም በድንጋይ ላይ ካለው ምን ያህል ሊረክስ እንደሚገባው ያውቃል። ደላሎች ቦታውን በካሬ ሜትር ሲያወዳድሩ ይህ ልዩነት ብዙውን ጊዜ አይነሳም።

አፈሩን መተካት ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ቀይ አሽን የመሰለ ውሃ የሚያሳልፍ ሙሌት በጥቁር አፈር ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መውጫ ካልተበጀለት ጉድጓዱ የክረምቱን ውሃ እንደ ገንዳ ያቁራል። ከሥር ያለው ሸክላም ያንኑ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ስለዚህ ሙሌቱ በየንብርብሩ ሊጠቀጠቅ፣ ከላይ ውሃ በማያስገባ ነገር ሊሸፈንና ውሃ መውጫ ሊኖረው ይገባል። ጉድጓዱን በበጋ ቆፍሮ ሳይዘገዩ መሙላትም ይመከራል። ከዚህ ሌላ አፈሩን ከኖራ ጋር መደባለቅ፣ መሠረቱን በብረት በተጠናከረ አንድ ወጥ የኮንክሪት ንጣፍ መሥራት፣ ወይም ምሰሶዎችን ወደ ጥልቅ አውርዶ የመሬቱን ቢም ከአፈሩ አላቆ መተው የሚታወቁ ዘዴዎች ናቸው። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው የአፈሩ ጥልቀት ነው። ጥቁሩ አፈር ሁለት ሜትር ሳይሞላ ካለቀ ማውጣቱ ያዋጣል፤ ጥልቅ ከሆነ ሌላው መንገድ ይታያል።

የሌላው አገር ገበያ

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ የታወቀ ጥናት የሚያብጥ አፈር በዓመት 2.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ገምቶ፣ ይህም ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ በአንድነት ከሚያደርሱት እንደሚበልጥ አመልክቶ ነበር። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዳላስና በአካባቢዋ ያለው መሬት የዚሁ ዓይነት ሸክላ ነው። በዚያ መሠረት መጠገን ራሱን የቻለ ንግድ ሲሆን፣ ባለቤቶች በደረቁ ወራት አፈሩ እንዳይኮማተር በቤታቸው ዙሪያ በቀዳዳ ጎማ ውሃ ያጠጣሉ። በቴክሳስ ሕግ መሠረት መኖሪያ ቤት የሚሸጥ ሰው በመሠረቱ ላይ የሚያውቀውን ጉድለትና ከዚህ ቀደም የተደረገ የመሠረት ጥገናን በጽሑፍ ለገዢው ያሳውቃል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመሬት መስመጥ ጉዳትን በቤት ዋስትና ውስጥ ማካተት ጀመሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1976 ከባድ ድርቅ ሲመጣ በሸክላ አፈር ላይ ያሉ ቤቶች የካሳ ጥያቄ ጎረፈ። ከዚያ ወዲህ አፈር የዋስትና ዋጋ መወሰኛ ሆኗል። በእነዚህ አገሮች ገበያ አፈር በወረቀት ላይ ተጽፎ ዋጋ ተቆርጦለታል።

ሕጉና ውሉ

በኢትዮጵያ ሕግ ያለው ድርሻ ብዙ ቤት ሠሪዎች ከሚያስቡት ይበልጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ትክክለኛነትና ጽናት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ተቋራጩ በዚህ ጊዜ ውስጥ በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሥራው ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው ጉዳትም ኃላፊ ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። በመሆኑም አፈሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም የሚለው የተቋራጭ መልስ በሕግ ፊት አይጸናም።

ይህ መብት የሚጠቅመው ግን በእጁ የተጻፈ ውልና የርክክብ ሰነድ ላለው ነው። ከፎርማን ጋር በቃል ተስማምቶ፣ ቀን ሠራተኛ በየጊዜው እየቀጠረ ቤቱን ላቆመ ሰው የሚጠየቅ ወገን ማግኘት ያስቸግራል። ከግለሰብ የሚገዛ ሰውም ቤቱን በጊዜው የመመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሻጩ ጉድለቱን ሆን ብሎ ደብቆ ከሆነ በውሉ ላይ ያሰፈረው ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ ቃል አያድነውም። ያም ሆኖ መደበቁን ማስረዳት የገዢው ሸክም ነው። ስለዚህ በሽያጭ ውሉ ላይ ሻጩ ስለ መሠረቱ የሚያውቀውንና ያደረገውን ጥገና በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገልጽ መጠየቅ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው። የኢንሹራንስ ፖሊሲ ያለውም ሰው የአፈር እንቅስቃሴ የተካተተ መሆን አለመሆኑን ከመፈረሙ በፊት ማንበብ ይኖርበታል፤ የእሳት ዋስትና ብቻውን ብዙውን ጊዜ ይህን አይሸፍንም።

ለደላላውም ነገሩ ከአንድ ሽያጭ በላይ ነው። በአንድ ሰፈር ውስጥ የሚሠራ ደላላ ደንበኛ የሚያገኘው በስሙ ነው። የተቀባ ስንጥቅ የሸጠ ደላላ ስሙ ከክረምቱ በኋላ በዚያው ሰፈር ይነሳል። አፈሩን አስቀድሞ ተናግሮ፣ የአሸንዳውንና የንጣፉን ወጪ በድርድሩ ውስጥ አስገብቶ ያስማማ ደላላ ግን ሁለቱንም ወገኖች ያተርፋል። ስንጥቅ ያለበት ቤት የማይሸጥ ቤት አይደለም። የስንጥቁ ምክንያት የታወቀ፣ ውሃው የተስተካከለና የጥገናው ዋጋ ከመሸጫው ላይ የተቀነሰ ከሆነ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። አትራፊ የማይሆነው ምክንያቱ ሳይታወቅ በሙሉ ዋጋ የተሸጠው ነው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በጥቁር አፈር ሰፈሮች የቤት ገዢን ቁጠባ የሚወስደውም ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን የሚመጣ ጎርፍ ሳይሆን ከአሸንዳ ጫፍ በግድግዳው እግር ላይ በየክረምቱ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። እሱን ማየት የሚቻለው ደግሞ ዝናብ እየዘነበ ነው። በሰኔና በሐምሌ ቤት ለማየት የሚሄድ ገዢ ጃንጥላ ይዞ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ቢዞር በጥር አሥር ጊዜ ከሚመላለሰው የበለጠ ያያል።